ሚዛን ላይ የወጣ ዝናብ

መዛኟ የሚዛን ቤቷን መስኮት በእጅጌዋ እየጠረገች ሳለ፣ ታናሽ ወንድሟ የሚነዳው ቆሻሻ የጫነ መኪና ዝናብ እያንጠባጠበ ወደ ግቢው ገባ። ልቧ ከጠዋት ጀምሮ አላርፍ ብሏታል። ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጨው ምድጃ የሚተዳደረው በካርበን ሽያጭ፣ ማለትም ቆሻሻው በስብሶ አየር ባለመበከሉ ገዢዎች በሚከፍሉት ገንዘብ ነው፤ ሽያጩ የሚሰላውም በእሷ ሚዛን። ነገ የገዢዎቹ መርማሪ ይመጣል። ውኃ እንደ ቆሻሻ ተመዝኖ ካገኘ ውሉ ይፈርሳል፤ እህትና ወንድም ሥራ ይፈታሉ።

«እታለም፣ መዝኚኝና ልሂድ» አለ ወንድሟ።

«መጀመሪያ ይጠንፈፍ።»

«ውኃውም እኮ አብሮኝ የመጣ እንግዳ ነው።»

«እንግዳህን ደጅ አስቀምጠው።»

ከኋላ የተሰለፉት ሾፌሮች ጥሩንባቸውን አንባረቁባት። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግማ ተነሣች፤ ወደ ሚዛኑ የሚያስገባውን በር ግን አልከፈተችም። ጠብታው ሲቆም መኪናውን መዝና አሳለፈች። ከዚያም የሚዛኑን ብረት ጠርጋ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።