የወይኖ ወገብ

«ቢላውን ያስቀምጡልኝ አባቴ፣ በመድኃኔ ዓለም!» አለች የከብት ሐኪሟ አምለሰት፣ የሞተር ብስክሌቷን ሞተር እንኳ አጥፍታ ሳትጨርስ።

ወንዳወቅ ግን ከመሳያው ድንጋይ ቀና አላሉም። ከጎናቸው የኮባ ቅጠል ተጎዝጉዟል፤ ለቅርጫ የተሰበሰበው ሰው ነጠላውን ተከናንቦ ቆሟል። ወይኖ የሚባለው በሬ ጭቃው ላይ ተኝቶ፣ ቢላው ለማን እንደሚሳል የማያውቅ ይመስል ያመነዥካል። አምለሰት ብሽቅ አለች። የሚያመነዥክ በሬ እንዴት ይታረዳል? ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ፣ የማንኩሳን አስፋልት ከለቀቀች ወዲህ በሐምሌ ጭቃ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ለሬሳ አልነበረም የመጣችው።

«የደወልሁልሽ እኔ ነኝ» አለች የበሬው ባለቤት ንግሥቴ። «ትናንት ከነቀንበሩ ቦይ ገባ። ኋላው አልታዘዝ አለው። ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፣ ለማንም አይሆን። ምን ላድርግ ልጄ?»

ንግሥቴ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ያላት አንድ በሬ ነው፤ ወንዳወቅም ያላቸው አንድ ነው። ሁለቱን አቀናጅተው ወንዳወቅ ያርሳሉ፣ አንድ ቀን የእሳቸውን፣ አንድ ቀን የእሷን። የመቀናጆ ሕጉ አጭር ነው፤ በሬ የሌለው ተራ የለውም። ጤፍ የሚዘራው ደግሞ አሁን ነው።

አምለሰት ጓንቷን አጥልቃ የወይኖን የኋላ ኮቴ በመቆንጠጫ ጨመቀችው። በሬው ጆሮውን ቀሰረና አጓራ፤ እግሩን ግን አላነሣም።

«ያመዋል!» አለች በደስታ።

«ማመሙንማ እኛም አውቀናል» አለ አንዱ፣ ሰውም ሳቀ።

«ከተሰማው የጀርባው ነርቭ አልተቆረጠም ማለት ነው!»

ሁለት ዓመት ቻይና ተቀምጣ የተማረችው እንዲህ ያለውን ከብት ማከም ነበር። ጠዋት ጠዋት ዘመናዊውን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩበትን የመርፌ ሕክምና። ከተመለሰች ሁለት ወሯ ነው። አለቃዋ «መርፌሽን መጀመሪያ የኔ ወገብ ላይ ሞክሪው» ብሎ ስቆባት፣ ፓኬቱን እስከ ዛሬ አልከፈተችውም። አሁን ከቦርሳዋ አውጥታ ቀደደችው። ባይሠራስ?

በጣቷ የበሬውን አከርካሪ ተከትላ ወረደች። የወገቡ አጥንት አልቆ ዳሌው ከሚጀምርበት ጎድጓዳ ቦታ ስትደርስ ደነገጠች። ቆዳው ተቃጥሎ ውኃ ቋጥሯል።

«እዚህ ላይ ማነው የተኮሰው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ወንዳወቅ። «ማታ ማጭድ አግዬ። ምነው?»

«ቦታውን ማን አሳየዎት?»

«አባቴ። ወገቡ የተያዘ ከብት እዚያ ነው የሚተኮስ።»

አምለሰት ሳቋ አመለጣት። ቻይናዊው መምህሯ ዓይኗን አስጨፍኖ አንድ ወር ሙሉ በዳበሳ ያስፈለጋትን ጎድጓዳ የወንዳወቅ አባት ያውቁት ኖሯል!

«በቦታውስ ልክ ነዎት፤ ግን ዋናውን በር አቃጠሉብኝ። እንግዲህ በጓሮ በር ልግባ።»

ከቁስሉ ግራና ቀኝ፣ ከዚያም በሁለቱ ታፋዎች ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን መርፌዎች እያከታተለች ሰካች።

«መድኃኒቱስ?» አለች ንግሥቴ።

«ይኼኛው መድኃኒት የለውም።»

«ባዶ መርፌ? ላም አለኝ በሰማይ!» አሉ ወንዳወቅ፣ ቢላቸውን አገላብጠው እያዩ።

መርፌዎቹን በየተራ እያሽከረከረች ሃያ ደቂቃ ያህል ተንበርክካ ቆየች። ምንም የለም። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ድንገት የግራው ታፋ ሥጋ ተርገበገበ፤ ከዚያ እግሩ ተወርውሮ ቦርሳዋን ጭቃ ውስጥ ከተተው። አምለሰት እንደ ሕፃን ጮኸች።

«አያችሁ? አያችሁት?»

«ካልታዘልሁ አላምንም አለች ሙሽራ» አሉ ወንዳወቅ። ግን ጠጋ አሉ።

እዚህ ላይ ብታቆም እንዴት ደስ ባላት! በመርፌው ብቻ አስነሥታ ለአለቃዋ ብትነግረው! ግን የበሬው ወገብ አብጧል። ከጭቃ ከጠረገችው ቦርሳ ብልቃጥ አወጣች።

«እትዬ ንግሥቴ፣ ይኼ ደግሞ እብጠቱን የሚያወርድ መድኃኒት ነው። ከወጋሁት በኋላ ሥጋው አሥራ አምስት ቀን አይበላም። ቢሞት ሁሉም ይቀራል። ይነሣል ብዬ ልማልልዎት አልችልም።»

«ባዶው መርፌ ብቻውንስ?»

«በእሱ ብቻ ብሞክር ሥጋው አይበላሽም። ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ አይበቃውም። ሁለቱ ባንድ ላይ ነው የሚሻለው።»

ንግሥቴ ቅጠሉን አየች፣ ሰዉን አየች። ከዚያ ሄዳ የወይኖን ቀንድ ያዘች።

«ውጊው።»

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል?» አሉ ወንዳወቅ።

«አያ ወንዳወቅ፣ ሥጋውስ በሳምንቱ ያልቃል። ከዚያ ምን ልንጠምድ ነው?»

አምለሰት ወጋችው። ከሰዉ ግማሹ ቅር እያለው ወደ ቤቱ ሄደ። የቀረው ጭድ አምጥቶ ጎዘጎዘለት፤ በሬውንም አገላብጠው በሌላው ጎኑ አስተኙት። አሥር ሰዓት ሲሆን መርፌውን ደገመችለት። የመጨረሻዋን ነቅላ ሳትጨርስ ወይኖ በፊት ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ኋላውን ከፍ አደረገ፤ ተንገዳገደ። ወንዳወቅ ሮጠው ትከሻቸውን ከታፋው ሥር አስገቡ።

«ያዙት! ያዙት በሉ! ተነሣ የኔ ጌታ፣ ተነሣ!»

ወይኖ ቆመ። አራቱም እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆመ፤ ቆሞም ረጅም ሽንት ሸና። እልልታው ወንዝ ተሻገረ። ንግሥቴ አምለሰትን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ አምለሰት እየሳቀች ታለቅሳለች። ቢላው የት እንደወደቀ ያየ ሰው የለም።

«ሦስት ሳምንት ግን ቀንበር እንዳይነካው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አለዚያ ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው።»

እልልታው ቆመ። ሦስት ሳምንት ጤፍ አይጠብቅም። ንግሥቴ አንገቷን ደፋች።

ለቅርጫው ከመጡት አንዱ፣ እሱም ባለ አንድ በሬ የሆነው ደሴ፣ ወንዳወቅን ወደ ጎን ሳብ አደረጋቸው።

«አያ ወንዳወቅ፣ የኔ በሬ አለ። እስኪያገግም ከኔ ጋር እንቀናጅ። ከነገ ጀምሮ እንጥመድ።»

ወንዳወቅ ከትከሻቸው ላይ ጭቃውን አራገፉ። ወደ ንግሥቴ አላዩም።

«እሺ፣ እንቀናጃለን» አሉ። «የመጀመሪያው ተራ ግን የኔ ነው።»

«ይሁን። ያንተን ማሳ ከየትኛው በኩል እንጀምራለን?»

«ከንግሥቴ ማሳ።»