ካባ የለበሰ መሬት

«ተፈጥፍጠዋል! ስድስቱም ሰዎች ተፈጥፍጠዋል! ጀግናህ የትኛውን ነው ያዳነው?»

«ኧረ ጋሼ! ክንፈ ብረት እኮ ሊፍቱን መሬት ሳይደርስ ነው የቀለበው።»

«ቀለበው? ከሰባተኛ ፎቅ እየተምዘገዘገ የመጣ ሊፍት ድንገት ቀጥ ካለ፣ ውስጥ ያለው ሰው መች ይቆማል? ከወለሉ ጋር ይላተማል እንጂ! ሰው የሚገድለው መውደቁ አይደለም፣ ድንገት መቆሙ ነው። መሬትም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ጀግናህ ምን እንደሆነ ልንገርህ? ካባ የለበሰ መሬት!»

ይሄ ሰውዬ የእህቴ ባል ነው። ፊዚክስ ያስተምራል፤ ቤትም ገብቶ አያርፍም፣ ሻይ ሲያማስል እንኳን ስለ ሽክርክሪት ይነግርሃል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ ያውም በመስኮት። አሁን ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ክንፈ ብረት ስለሚባል በራሪ ጀግና የጻፍኩትን ታሪክ የወጣቶች መጽሔት ላይ ላወጣ ብል፣ መራጩ ማን ሆኖ ተገኘ? እሱ! «አይታመንም» ብሎ በቀይ ጻፈበት። ዛሬ የተመረጡትን ይዞ አምስተኛ ፎቅ ወዳለው የመጽሔቱ ቢሮ በሊፍት እየወጣ ነው፤ እኔም አብሬው ገብቻለሁ። መጽሔቱ በዓመት አንዴ ነው፤ ዛሬ ካመለጠኝ አመለጠኝ።

እና ምን ላድርግ? ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሃል ስንደርስ ሊፍቱ «ተበላሸ»። እሱ ወረቀቱ ላይ ሲያፈጥ እኔ የማቆሚያውን ቁልፍ ቀጭ አድርጌ አዞርኩና ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ከኛ ጋር አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አሉ፤ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ የሞቀ ውሃ ባልዲያቸውን አቅፈው ከኋላዬ ቆመዋል።

«እሺ» አልኩት። «መጀመሪያ አብሯቸው ይውረድ፣ ከዛ ቀስ እያለ ፍጥነቱን ይቀንስላቸው። አሁንስ?»

«ምኑን ረግጦ? ይሄ መጥረጊያ እንኳን ቀጥ ብሎ የቆመው ወለል ስላለው ነው!»

«ይበራላ!»

«ወፍም አየር ገፍታ ነው የምትበር። ያንተው ምን ይገፋል? የተነፋ ደረቱን?»

ወይ ነዶ! ልክ መሆኑ ነው እኮ የሚያበግነኝ።

ይሄኔ ሊፍቱ ሲጢጥ አለ። የፊዚክሱ ሊቅ በሁለት እጁ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አለ።

«ስማ... ገመዱ ቢበጠስ... ይወድቃል?»

እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። ገመዱ አራት ነው። አራቱም ቢበጠሱ ከሥር ያለው የብረት መንጋጋ ሊፍቱ የሚንሸራተትበትን ሃዲድ ነክሶ ያስቆመዋል። ይሄን አለቃዬ የመጀመሪያ ቀን ነው ያስተማረኝ፣ በጥፊ አጅቦ። ግን ይሄን ከነገርኩት ታሪኬ አበቃለት፤ በኔ ታሪክ ሊፍቱ ቁልቁል የሚምዘገዘገው አንዲት ገመድ ተበጥሳ ነው። ሰውዬው ይረጋጋ ወይስ ታሪኬ ይትረፍ?

ታሪኬ ይትረፍ!

«ይወድቃል እንጂ! እንደ ድንጋይ ነዋ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ? አድነን እንጂ!»

«እኔ ጠጋኝ ነኝ ጋሼ። የሚያድነው ክንፈ ብረት ነው፣ እሱን ደሞ በቀይ ሰርዘኸዋል።»

«እህትህ ዱርዬ ነው ስትለኝ አላመንኳትም ነበር!»

«አንተማ ምን ታምናለህ!»

ሊፍቱ ደግሞ ሲጢጥ አለ። ሁለተኛው ሲጢጥታ ከኔ ተረከዝ ነው፣ አልዋሽም።

«እሺ! እሺ!» ብሎ እስክሪብቶውን መዘዘ። «አሁን ሳስበው... ያው ሰውም ሲጨንቀው... ይታመናል! በደንብ ይታመናል! ወዲህ በለው ልፈርም!»

ወረቀቴን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ «አይ» የምትለዋን ሰረዛት። «ታመንም» ብቻ ቀረች። እሷንም ሰርዞ «ይታመናል» ብሎ ጻፈ። ፊርማዋ ብቻ ቀርታለች። እዚህ ጋ አፌን ዘግቼ ብቆም ምን ነበረበት? ግን ደስታ ሰው ያቀብጣል። ወደ ሴትዮዋ ዞር አልኩ።

«እትዬ፣ ምስክር ይሁኑኝ! ታሪኩን ከላይ እስከ ታች ሰምተውታል። ይታመናል አይታመንም?»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ኪሴን፣ ቀጥለው ፊቴን አዩ።

«ሰውዬው መብረሩን አምኛለሁ ልጄ። ያላመንኩት የሊፍቱን መበላሸት ነው። በል ያቺን ቁልፍ አውጣና ውሃዬ ሳይቀዘቅዝ አራተኛ ፎቅ አድርሰኝ።»