የድንቡሼ ጥያቄ

ኑኃሚን ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ትናንት የዋለችበት ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። የቅሬው ሴቶች፣ የሠፈሩ እድርተኞች፣ የለቅሶ ድንኳኑን ሥር ጠርገው አቧራው እንዳይነሣ ውሃ አርከፈከፉበት። ንፍሮ በሰፌድ ይዞራል። ከዋናው መንገድ የሚኒባስ ረዳቶች «ወልድያ! ወልድያ!» ሲሉ ይሰማል። አንድ ዓሣ ሻጭ እየጮኸ መጥቶ ድንኳኑን ሲያይ ዝም አለ፤ ኮፍያውን አውልቆ በዝግታ አለፈ።

ዙሌይካ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቋን ዘግታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ኑኃሚንዬ፣ እፍኝ እንኳ ቅመሺ።»

«ቆይ።»

«ትናንትም ቆይ ነው ያልሽኝ። ‹የተማረች ሰው እንባዋም በልክ ነው› እያሉ ሲያሙሽ፣ ደግሞ ‹አልበላችም›ን አትጨምሪላቸው።»

«እዚሁ ተቀምጠው ያማሉ?»

«ታዲያ ንፍሮው እንዴት ይውረድላቸው እቴ!»

ኑኃሚን ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ነገር ግን ዓይኗ ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። የባሏ የጌዴዎን ፎቶ ቆሟል። ከፎቶው ጎን ሴቶቹ ጥጥ ጠቅጥቀው የሰፉት አሻንጉሊት ተቀምጧል፤ ክብ፣ ጸጉራም፣ ዓይኖቹ ትልልቅ፣ አንዲት የወተት ጥርስ ያለው። የጌዴዎን የሥዕል ገጸ ባሕርይ ድንቡሼ ነው። ለሥራው መታሰቢያ ይሁን ብለው በፍቅር ነው ያመጡት። እሷ ግን ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ጌዴዎን የሱቅ ሰሌዳና የባጃጅ ጀርባ እየጻፈ የሚኖር ሰው ነበር። ለውጡ በመጣ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት በጀመረበት ጊዜ፣ በየቅዳሜው አንድ ገጽ ተከታታይ የሥዕል ታሪክ መሥራት ጀመረ። ዙሌይካ በሱቋ መስተዋት ላይ ትለጥፍለታለች፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባል። ከሌላ ዓለም የመጣች መንኮራኩር የከተማዋ ሐይቅ ውስጥ ትወድቃለች። አንድ አጥማጅ መረቡን ሲስብ ድንቡሼን ያገኘዋል። እንግዳ ነውና ቤቱ ይወስደዋል፤ ሚስቱ ወተት ታጠጣዋለች። ድንቡሼ ጠጥቶ ሲጠግብ ጭኗ ላይ ይጠቀለልና በለሰለሰ ድምፅ ይጠይቃታል፦ «እማማ፣ አንቺን የማይወድሽ ማነው?» ሴትዮዋ ትስቃለች። ትንሽ አሰብ ታደርግና የጎረቤቷን ስም ትነግረዋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ቤት፣ ሌላ ጭን፣ ያችው ጥያቄ።

ከተማው ድንቡሼን ወደደው። ልጃገረዶች ትራስ ልብስ ላይ ጠለፉት፤ ባለ ባጃጆች መስተዋታቸው ላይ አሣሉት። ልጆች እየተሯሯጡ «የማይወድህ ማነው?» ይባባላሉ።

«ክፉ መሆኑን መቼ ነው የምትነግራቸው?» አለችው ኑኃሚን አንድ ቀን።

«ነግሬያቸዋለሁ እኮ። ገበያውን እዪው።»

ገጾቹን በተራ ዘርግታ አየች። መጀመሪያው ላይ ገበያው በሰው ተጨናንቋል። ከዚያ በየገጹ ይሳሳል። ስሙ የተጠራ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመደቡ ላይ የለም። አስተማሪ ሆና፣ የሰው ጽሑፍ ስታርም እየዋለች፣ እሷም ልብ አላለችም ነበር፤ እንደ ሌላው ሰው ድንቡሼን ነበር የምታየው።

«በዚች ጥርሱ ነው የሚበላቸው?»

«እሱ አይነክስም» አላት ጌዴዎን ብሩሹን እያጠበ። «ይጠይቃል፤ በቃ።»

ከሰዓት በኋላ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ወልዴ መጡ። ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው አሻንጉሊቱን አነሡ፤ ጭናቸው ላይ አኑረው ጸጉሩን እያሻሹ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ነገ ድንኳኑ ከመነሣቱ በፊት እንደ ደንቡ ‹ቅሬው ያጎደለው አለ?› ብዬ እጠይቃለሁ። አንቺም እንደ ደንቡ ‹ምንም አልጎደለም፣ ቅሬው ይባረክ› በይ። ሌላ ነገር አይነሣ። የአገሩ ቁስል ገና አልጠገገም።»

«ሌላ ነገር ምን አለ፣ ጋሽ ወልዴ?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ» አለች።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ተቃረበ በተባለበት ሰሞን ነው። ሰው እርስ በርሱ በጥርጣሬ ይተያይ ነበር፤ ወሬው ሁሉ ሰርጎ ገብ ሆነ። ጌዴዎን ግን ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ይሥላል። አንድ ምሽት ጋሽ ወልዴ የኬላ ጠባቂዎች አስከትለው ቤታቸው መጡ። ጠባቂዎቹ ገጹን ከጠረጴዛው አነሡት፦ ከላይ የሚታይ ሐይቅ፣ የአምባሰል ተራራ፣ ቀስቶች፣ በየሥዕሉ ጥግ ቁጥር።

«ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«የሥዕሎቹ ተራ ነው። ከአንድ ጀምረህ ታነበዋለህ።»

«ቀስቱስ?»

«መንኮራኩሯ የምትወርድበት።»

ጠባቂው ከሌላ አካባቢ የመጣ ነበር፤ ፊቱ አልተፈታም። ኑኃሚን ወደ ጋሽ ወልዴ ዞረች። «እርስዎ ድንቡሼን ያውቁታል! መስተዋቱ ፊት ቆመው ሲስቁ አይቻለሁ። ይንገሯቸው እንጂ!»

«በዚህ ዘመን ማን ማንን ያውቃል ልጄ?» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ለአንድ ቀን ነው። አጣርተው ይለቁታል።»

ወስደው መጋዘን ውስጥ ሲቆልፉበት እሷ ምስክር ፍለጋ በየደጁ ሮጠች። ሁሉም ከበሩ ጀርባ «ነገ ጠዋት» አላት። ዙሌይካም ጭምር፤ የተለጠፉት ገጾች ሁሉ በእጇ እያሉ። ጎህ ሲቀድ የጦር ግንባሩ ተሰብሮ ጠባቂዎቹ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዘው ሸሹ። ረፋዱ ላይ መጋዘኑን ከባድ መሣሪያ መታው። ጌዴዎን በችኮላ ተቀበረ። ከተማው ሲረጋጋ ቅሬው ለቅሶ ሳይቀመጥለት ሊቀር አይገባም ብሎ ይኸው ድንኳን ተከለ።

ጋሽ ወልዴ ሲሄዱ ዙሌይካ ጠጋ አለች። «ምን አሉሽ?»

«ምንም አልጎደለም በይ አሉኝ።»

«ትያለሽ?»

«ካላልኩስ?»

«ካላልሽ ከቅሬው ያስወጡሻል። ነገ ስትሞቺ ቀባሪ የለሽም።» የኑኃሚንን ነጠላ አስተካከለችላትና፦ «እኔ እቀብርሻለሁ፤ ወላሂ። በዚህ ወገቤ ስቆፍር ይታይሽ።»

ኑኃሚን ትክ ብላ አየቻት። «ያን ምሽት መጥቼ ነበር፣ ዙሌይካ።»

ዙሌይካ እጇ ላይ ያለውን ንፍሮ ወደ ሰፌዱ መለሰችው። «ፈራሁ» አለች።

በማግሥቱ ድንኳኑ ሞላ። ቄሱ ጸለዩ፤ ሼኩ ዱዓ አደረጉ። ጋሽ ወልዴ ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቅሬው ያጎደለው አለ?»

የለቅሶው ባለቤት ተቀምጦ ነው የሚመልሰው፤ ኑኃሚን ግን ቆመች።

«ድንኳኑ አልጎደለም። ንፍሮው አልጎደለም። ውሃ የቀዳችሁ፣ ያደራችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ጋሽ ወልዴ እፎይ ብለው ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ።

«አልጨረስኩም፣ ጋሽ ወልዴ። ባሌ የተያዘው በሥዕል ነው። ቁጥሩ ምን እንደሆነ፣ ቀስቱ ምን እንደሆነ፣ እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል። በየቅዳሜው ታነቡት ነበር። ያን ምሽት መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ‹ይሄ ሥዕል ነው› የሚል አንድ ሰው ጎደለ።»

የተዘረጉት የጋሽ ወልዴ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። ከኋላ አንዲት ሴት ድምፅዋን አውጥታ ማልቀስ ጀመረች፤ ዙሌይካ ነበረች። ሌላው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጥቂት ሰዎች፣ ኑኃሚንን ሳያዩ፣ ተነሥተው ወጡ።

እሷ ፍራሹ ላይ ተመለሰች። ስትቀመጥ ሳታስበው ወደ ዳር ጠጋ አለች፤ ማምሻውን ቀለም በቀለም ሆኖ ለሚገባ ሰው ቦታ እንደሚለቀቅ። የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ ጠበቀች። ጌዴዎን የለም።