የጾም ፒዛ

ራሕማ ጥያቄ ይዛ ስትመጣ ከአንኳኳቷ አውቃለሁ። ስኳር ተበደሪ ተብላ ስትላክ ነካ ነካ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ጥያቄ ሲኖራት ግን በሩ እስኪከፈት እጇ አያርፍም።

«ምንትዬ፣ ፒዛ ምን ምን ይላል?» አለችኝ፣ ገና መዝጊያውን ስከፍት።

«ፒዛ ፒዛ ነዋ የሚለው» አልኳት።

«እሱማ መልስ አይደለም።»

አልነበረም። ራሕማ የፊት ለፊት ጎረቤቴ የመኪያ ልጅ ናት። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ በሮቻችን ይተያያሉ። እኔ ቤቴ ውስጥ ኬክ እየሠራሁ እሸጣለሁ፤ እሷ ደግሞ በርጩማ ስባ ኦቭኑ ፊት ቁጭ ትልና ሊጥ ለምን እንደሚነፋ፣ ስኳር ሲቃጠል ለምን እንደሚመር ትጠይቀኛለች። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል አንዲት የክፍሏ ልጅ አትላስ አካባቢ ፒዛ ቤት ልደቷን ስታከብር ራሕማም ተጠርታ ነበር። የእነሱ ቤት ደግሞ ማን እንዳረደው የማይታወቅ ሥጋ አይበላም። ስለዚህ የድንች ጥብስ እየቆረጠመች፣ ሌሎቹ ፒዛ ሲበሉ፣ ፎርማጆው እንደ ክር ሲሳብ ስታይ ዋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ይሄ ነገር ከአፏ አልወጣም።

«ለልደቴ ፒዛ ሥሪልኝ» አለች። «ኬክ የሆነ ፒዛ። ኬክ የሁሉም ነው አይደል?»

እውነቷን ነው። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እነ መኪያ ሙስሊም ናቸው። ሥጋ ሲሆን ድስታችን ይለያያል። ድግስ ቢኖረኝ ለእነሱ ሙስሊም ያረደው በግ ለብቻው ይሠራል፤ እነሱም ሲደግሱ ለእኛ እንደዚሁ ያስባሉ። ጠብ አይደለም፣ ሥርዓት ነው፤ ማንም በማንም አይቀየምም። ዳቦና ሻይ፣ ብስኩትና ኬክ ግን ከየትኛውም በር ይምጣ ይበላል። የእኔ ኬክ በሁለቱም ወገን ልደት ላይ ሲቆረስ የኖረው ለዚህ ነው።

ለልጅቷ ብዬ ብቻ ጀመርኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጉጉቷ ተጋባብኝ። ዓይን «ፒዛ ነው» ብሎ ሲምል፣ ምላስ «ኧረ ቸኮሌት ነው» ብሎ የሚከራከርበት ነገር መሥራት ይቻል ይሆን? ሙያ በልብ ነው ይባላል። የእኔ ሙያ ግን ልቤ ውስጥ አርፎ ተቀምጦ አያውቅም፤ ሰው ካላየልኝ ያመኛል።

ልደቷ የሚውለው ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም መሐል ነው። የብሎኩ ክርስቲያን ልጆች በሙሉ ይጾማሉ፤ ከታች ፎቅ ያለው የስድስት ዓመቱ ኢዩ እንኳ ዘንድሮ ጀማሪ ጾመኛ ሆኗል። ስለዚህ ፒዛዬ እንቁላልም ቅቤም ወተትም ሊነካው አይገባም። ይሄ አላስጨነቀኝም። ዱቄት፣ ካካዎ፣ ስኳርና ዘይት አዋህጄ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ሳገናኝበት ቡፍ ብሎ የሚነሳ የጾም ቸኮሌት ኬክ አለኝ። እሱን በሰፊ ክብ ትሪ ላይ አሳስቼ መጋገር ነው። የከበደኝ ላዩ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዝናብ አትላስ ድረስ ሄጄ ያንኑ ፒዛ ቤት ገባሁና አንድ ሻይ አዘዝኩ። ጾመኛ ሴትዮ የሰው ፒዛ ላይ አፍጣ ስትቀመጥ አስቡት። አስተናጋጁ እየተመላለሰ «ሌላ የሚታዘዝ አለ?» ይለኛል፤ አጠገቤ የነበረው ሰውዬማ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። እኔ ግን ማየት የፈለግኩትን አየሁ። ጠርዙ እኩል አይቀላም፤ እዚህም እዚያም ይጠቁራል። ፎርማጆው ነጭም አይደለም፣ ቢጫም አይደለም። ሞርታዴላው እሳት ሲነካው ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ነጫጭ የስብ ነጠብጣብ አለው። ስወጣ አንድ ባዶ ካርቶን ብለምናቸው ሰጡኝ። በታክሲ ስመለስ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነበር።

የልደቷ ዋዜማ ሥራ ጀመርኩ። እናቴ ኣብርሀት አብራኝ ነው የምትኖረው። በፍልሰታ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ በአፏ አይዞርም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ እህል ከቀመሰች በኋላ «ምን ላግዝሽ?» አለችኝ፤ ቀይ ስር ሰጠኋትና ቁጭ ብላ ፈቀፈቀችልኝ። ጭማቂውን ከደቀቀ ስኳር ጋር አቡክቼ ስዳምጠው ሮዝ ሊጥ ወጣው። በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ኮኮናት በጣጥሼ ነጫጩን ስብ ሠራሁለት፣ ጫፉን በጣቴ አጠፍ አጠፍ አደረግኩት። ቸኮሌት ኬኩ ላይ የእንጆሪ ማርማላታ ቀባሁ፤ ስጎ መሰለ። የተፈቀፈቀ ኮኮናት በቁንጥር እርድ አቅልሜ ነሰነስኩበት፤ ፎርማጆ መሰለ። ዘቢቡን ለሁለት ለሁለት ሰንጥቄ ወይራ አደረግኩት። ዙሪያውን ከብስኩት ሊጥ ጠርዝ ሠርቼ፣ ቦታ ቦታ ላይ ካካዎ በብሩሽ ነካ ነካ ሳደርገው እሳት ያቃጠለው መሰለ።

እናቴ የተጠናቀቀውን ስታይ እጇን ሰብስባ ከጠረጴዛው ራቀች።

«አንቺ ልጅ! በፍልሰታ?»

«እማዬ፣ ቀይ ስር እኮ ነው። አንቺው ነሽ የፈቀፈቅሽው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ዓይኔ ግን አላወቀም።»

መጠንቀቅ የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። እኔ ግን ምስጋና አድርጌ ወሰድኩት፤ የዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ምስጋና።

በማግስቱ እናቴ ቅዳሴ ሄደች፤ እኔ ካርቶኔን ይዤ ኮሪደሩን ተሻገርኩ። የመኪያ ሳሎን በፊኛ ተሞልቷል። የባሏ አባት ሐጂ ሰዲቅ ከኮምቦልቻ ለጥየቃ መጥተው ዋናው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። የብሎኩ ልጆች፣ የእኛም የእነሱም፣ ጠረጴዛውን ከበውታል። ራሕማ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በጣቶቿ ጫፍ ቆማለች። ክዳኑን ከፈትኩት።

ጭብጨባ ነበር የጠበቅኩት። ኢዩ ግን አንገቱን አስግጎ አየና «እኔ ጾመኛ ነኝ» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሌሎቹ ጾመኞችም ተከተሉት። የሙስሊሞቹ ልጆች ደግሞ ፒዛውን ትተው ሐጂን ማየት ጀመሩ። ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የፒዛ ቤቱን ስም በቀስታ አነበቡ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኛና እነሱ ሳንጠያየቅ ከአንድ ሳህን የምንበላው ጣፋጩን ነበር። እኔ ደግሞ ደክሜ፣ ተጨንቄ፣ አትላስ ድረስ ሄጄ፣ እሱኑ አብረን የማንበላውን ነገር አስመሰልኩት። ለጾመኛው ልጅ የፍስክ ምግብ ሆኖ ታየው፣ ለሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ። ያ አልበቃ ብሎኝ በእውነተኛ የፒዛ ካርቶን ከትቼ አመጣሁት።

«ኬክ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ቸኮሌት ነው፣ ወላሂ!» ወላሂ ከየት እንደመጣልኝ እኔም አላውቅም።

«ምንትዬ ኬክ ነው ካለች ኬክ ነው» አለች መኪያ። ቢላውን ግን አላነሳችም። የጎረቤት ልጆች ናቸው፣ እናቶቻቸው አምነዋት ነው የላኳቸው፤ አማቷም ሳይናገሩ እሷ ልትቆርስ አትችልም።

ራሕማ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እንደገና ፒዛ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ሳትቀምስ ልትነሳ መሆኑን ስታስብ ፊቷ ላይ አየሁት። ቆረስ አደረግኩና በሁሉም ፊት ጎረስኩ።

«ይኸው! እኔስ ጾመኛ አይደለሁም? ሥጋ ቢሆን እበላው ነበር?»

«እሷ በጾም ክሬም ስትቀምስ አይቻታለሁ» አለ ኢዩ።

ለደንበኛ የፍስክ ኬክ ስሠራ ቀምሼ እተፋለሁ እንጂ አልውጥም! ግን ይሄ ለስድስት ዓመት ልጅ ምኑ ይገባዋል? ጆሮውን ብቆነጥጠው ደስ ባለኝ።

ሐጂ ሰዲቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አብሽሪ ልጄ፣ ዋሽተሻል አላልኩም። ግን ልጅ በዓይኑ ነው የሚማረው። እኔ ዛሬ ይቺን ብጎርስ፣ ነገ የሰው ቤት ሥጋ ሲያዩ ‹ሐጂም በልተዋል› ይላሉ።» ትንሽ አሰቡና «ወይዘሮ ኣብርሀት የት ናቸው?» አሉ።

«ቅዳሴ ናት።»

«የእሳቸውን ጾም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸው ከጎረሱት ሥጋ አይደለም፤ እኛም እንጎርሳለን። እንጠብቃቸው።»

ልጆቹ ሁሉ፣ የኛዎቹም ጭምር፣ በዚህ ፍርድ ተስማሙ። አንድ ሐጂ የእናቴን ጾም ለምስክርነት ሲጠሩ ሳቄ ሊመጣ ነበር። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ፤ እናቴ ትላንት ከጠረጴዛው እንዴት እንደሸሸች አይቻለሁና።

ቅዳሴ ወጥቶ እናቴ ጃንጥላዋን እያራገፈች፣ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ደረጃውን ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ አስገባኋት። ከትላንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። መኪያ ነገሩን አስረዳቻት። እናቴ ፒዛውን አየችና ፊቷን አዞረች።

«እማዬ፣ በእመቤቴ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ አንቺ። ይሄን ሁሉ ያመጣሽው አንቺ ነሽ።» ነጠላዋን አስተካክላ ራሕማን ወደ ራሷ ሳበቻት። «ይሄ ክቡ ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«ሞርታዴላ።»

«ከምን የተሠራ?»

እናቴ እጇን ዘረጋችላት። ጥፍሮቿ ሥርና የመዳፏ መስመሮች ላይ ሮዝ ቀለም ቀርቷል።

«ከቀይ ስር። ይኸው፣ ባጥበው ባጥበው አልለቅ አለኝ። እመቤታችን ፊት የቆምኩት እንኳ በዚህ እጅ ነው።»

ራሕማ የእናቴን መዳፍ በጣቷ ነካች፣ ከዚያ ሞርታዴላውን፣ ከዚያ እንደገና መዳፉን። እናቴ አማተበች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ክቡ ያለበትን ቁራሽ አነሳች፣ ጎረሰች። ቤቱ በሙሉ ጉሮሮዋን ያያል። ዋጠች፣ ዓይኗን ከፈተች።

«ስኳር አብዝተሽበታል» አለችኝ።

«ቢስሚላህ» አሉ ሐጂ ሰዲቅ፣ እጃቸውን ወደ ካርቶኑ እየሰደዱ። ከዚያ በኋላ ለመቁረስ እንኳ አልደረስኩም። ኢዩ በሁለቱም እጁ ይዞ ነበር። ካርቶኑ ባዶ ሊሆን ሲል የመኪያን ሳቅ ሰማሁና ትከሻዬ ቀለለኝ።

ራሕማ ግን የራሷን ቁራሽ ቀስ ብላ፣ እያሰበች ነው የበላችው። ማርማላታውን ከከንፈሯ ጠረገችና ጠጋ አለችኝ።

«ይጣፍጣል» አለች። «ፒዛ እንዲህ ነው የሚለው?»

አዎ ብላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አዎ ልል አፌን ከፍቻለሁም። ግን መስከረም ላይ ክፍሏ ገብታ ፒዛ ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል ስትል የሚስቁባት ልጆች ታዩኝ።

«አይደለም» አልኳት። «ፒዛ ጣፋጭ አይደለም።»

«እና ምን ምን ይላል?»

ጨው አለው፣ ቲማቲሙ ኮምጠጥ ይላል፣ ዳቦው ትኩስ ነው እያልኩ ተንተባተብኩ። ራሕማ በትዕግሥት ሰማችኝ፤ እንዳልገባት ግን ከፊቷ ያስታውቃል። የበላሁትን ነገር መናገር ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ ተናደድኩ።

ሐጂ ሰዲቅ ሳቁ። «ይቺ ልጅ መልሷን ሳታገኝ አታስተኛንም። ሥጋውን ነገ እኔ ከምናውቀው ልኳንዳ አመጣለሁ። ሊጡን አንቺ ትሠሪያለሽ። ትሪውም ኦቭኑም የመኪያ ይሁን።»

በማግስቱ በመኪያ ወጥ ቤት ቆሜ በሕይወቴ የመጀመሪያውን እውነተኛ ፒዛ ሠራሁ። ሊጡን በእርሾ አቡክቼ አስነሳሁት፣ ቲማቲሙን አቁላላሁ፣ መኪያ የጠበሰችውን የተፈጨ ሥጋ ነሰነስኩ፣ ፎርማጆ ፈቀፈቅኩበት። ሲወጣ መልኩ አላማረም። አንዱ ጎኑ ወፍሯል፣ ሌላው ጎኑ የምሩን አርሯል። ሽታው ግን ኮሪደሩን አልፎ ደረጃውን ወርዷል። እኔ ያልቀመስኩትን ነገር ለሰው አቅርቤ አላውቅም፤ ይሄን ግን የጣቴን ጫፍ ያህል እንኳ መቅመስ አልችልም። ጾም ነው፤ ጾሙ ባይኖርም ሥጋው የእነሱ ነው። ጉጉቱ ሊገድለኝ ደረሰ።

ራሕማ ቁራሹን በሁለት እጇ ያዘችና ጎረሰች።

«እንዴት ነው? ጨው በቃው? ሊጡስ በስሏል?»

ዓይኗን ጨፍና ታኝካለች።

«ራሕማ! ምን ምን ይላል? ንገሪኝ እንጂ!»

ዋጠች። እኔን አየችኝ፣ ቁራሹን አየችው፣ እንደገና እኔን። እንደማልበላ ታውቃለች፤ ለዚህ ይመስለኛል ግንባሯን ቋጥራ መልሱን የፈለገችልኝ።

«ምንትዬ» አለችኝ፣ «ይሄኛው የሚመስለውን ነው የሚለው።»

ምራቄን ዋጥኩና ሁለተኛውን ሊጥ መዳመጥ ጀመርኩ።