ከጀርባ ያልተነሣች እጅ

ካሳ የሟቹን እጀ ጠባብ ከሳጥን አውጥቶ በወንድሙ ልጅ በኤፍሬም ፊት ዘረጋው። ደሙ በላዩ ላይ ከደረቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ጨርቁ እንደ ቁርበት ከርሮ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። መጥረቢያ የገባበትን ቅዳጅ በጣቱ እየዳሰሰ፣ «የወንድምህ የአላምረው ነፍስ በዚህ በኩል ነው የወጣችው» አለ። ኤፍሬም ዓይኑን መሬት ላይ እንደ ተከለ ቀረ። ወዲያው የአጎቱ ጥፊ ፊቱ ላይ አረፈ፤ የታች ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ በአገጩ ወረደ።

«እሱ ዋጃ ዳር በመስኖ ውኃ ጠብ ሲታረድ፣ አንተ ጎንደር ተቀምጠህ ጸናጽል ታንሿሿ ነበር!»

«አያ ካሳ፣ ዲያቆን ነኝ። ደም ያፈሰሰ እጅ መቅደስ አይገባም።»

«እጅህን ማን ጠየቀህ? እኔ የምፈልገው እግርህን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ገዳዩ ደሳለኝ ምስክር ጠፍቶ ተለቅቋል፤ ሽማግሌ ልኮም ዕርቅ አልጠየቀም። በግንቦት ሜሮን የምትባል የቆቦ ልጅ ሊያገባ ስለ ሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሠርጉን ዳንስ ይማራል። ይህ ሰው ከግድግዳ ሳይጠጋ አይቀመጥም፤ በገበያ መካከል እንኳ ጀርባውን ለሰው አይሰጥም። ሽጉጡን ከወገቡ የሚፈታው በዳንስ መማሪያው ቤት ብቻ ነው። አስተማሪዪቱ መቅደስ፣ ሽመልም ሆነ ሽጉጥ ከበር ውጭ ካልቀረ አላስተምርም ስላለች፣ ትጥቁን ለሁለት ወንድሞቹ ሰጥቶ ይገባል፤ እነርሱም ደጁን ይጠብቁለታል። ኤፍሬምን ግን በመልክ አያውቀውም። ኤፍሬም ዘጠኝ ዓመት አቋቋም ሲማር በሰው አገር ኖሯልና።

ስለዚህ ኤፍሬም የሌላ ሙሽራ ሚዜ ነኝ ብሎ ተመዘገበ። ቀኖናው ስለ እጅ እንጂ ስለ እግር የሚለው የለም ሲል ራሱን አሳመነ። ራሱን እያታለለ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም ሄደ።

የመማሪያው ቤት ማሽላው ተሽጦ ያለቀ መጋዘን ነበር። የእህሉ ብናኝ አሁንም በእግር ሥር ይቦንናል። መቅደስ አዲስ አበባ በትልልቅ ሆቴሎች ስትደንስ ኖራ የተመለሰች ሴት ናት፤ ቻ-ቻ የተባለውን ዳንስ በጭብጨባ እየቆጠረች ታስተምራለች።

«ግራ እግር ወደ ፊት፣ አንድ! ክብደታችሁን ወደ ቀኝ መልሱ፣ ሁለት! አሁን አጠር አጠር አድርጋችሁ፣ ቻ፣ ቻ፣ ቻ! በቀኝ ወደ ኋላ!»

ኤፍሬም ቆጠራውን በመጀመሪያው ቀን ያዘው፤ ለዝማሜ የተገራ እግር ነው። አካሉ ግን መቋሚያ የተደገፈ ይመስል ቀጥ እንዳለ ቀረ።

«አንተ ሚዜ!» አለች መቅደስ፤ «ፋሲካ አልፏል እኮ! ወገብህ ገና ሁዳዴ ላይ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ደሳለኝ ነበር። ኤፍሬም ያንን የሚስቅ ጉሮሮ በጥርሱ ሊበጥሰው ተመኘ።

ሙሽሪት ከሠርጓ በፊት ከሙሽራው ጋር ተያይዛ መታየቷ ነውር ስለ ሆነ፣ ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ። አንዱ ይመራል፤ ሁለተኛው እንደ ሴት ይከተላል። መሪው ቀኝ እጁን በተከታዩ ጀርባ ላይ፣ ከትከሻው አጥንት ሥር ያሳርፋል። በአራተኛው ቅዳሜ መቅደስ ኤፍሬምን መሪ፣ ደሳለኝን ተከታይ አድርጋ አጣመረቻቸው።

በዚያ ሰዓት ካሳ ከመጋዘኑ ጓሮ፣ በቁልቋሉ አጥር ውስጥ ክላሹን ታቅፎ ተጋድሟል። ለሙቀቱ የተከፈተው መስኮት ከፊቱ ነው። የኤፍሬም ሥራ ሰውየውን በጀርባው ወደ መስኮቱ ማድረስ፣ ከዚያም እጁን ከጀርባው አንሥቶ ወደ ጎን መውደቅ ነበር። እጁ ስትነሣ ካሳ ይተኩሳል።

ኤፍሬም ወደ ፊት ሲሄድ እርምጃውን አስረዘመ፤ ወደ ኋላ ሲመለስ አሳጠረ። በየዙሩ ደሳለኝ አንድ አንድ ስንዝር ወደ መስኮቱ ተገፋ።

«ሚዜ፣ ስትመለስ አታሳጥር!» ጮኸች መቅደስ።

«ተዪው እቴ፣ እርፍ የጨበጠ መስሎት ነው!» አለ ደሳለኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግድግዳው ቀረበ እንዴ ወንድሜ? ኋላዬን አንተ እይልኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ጀርባዬን ያስነካሁት ላንተ ብቻ ነው» አለው።

የሰውየው ሸሚዝ በላብ ርሷል፤ ኤፍሬም ከመዳፉ ሥር ልቡ ሲደልቅ ይሰማዋል። ከደሳለኝ ትከሻ በላይ መስኮቱ ደረሰ፤ በቁልቋሉ መካከል የብረት ጫፍ ብልጭ አለ። የቀረው እጁን ማንሣት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የካሳ ጣት ምንም እንዳልሆነች ገባው፤ የምትገድለው ይህች ከጀርባ የምትነሣ እጅ ናት።

«ቻ፣ ቻ፣ ቻ!» አለች መቅደስ። እጁ አልተነሣችም። ሌላ ዙር አለፈ።

«አንሣ!» አለ ከውጭ የታፈነ ድምፅ።

ኤፍሬም ደሳለኝን በሁለት እጁ አቅፎ ከመስኮቱ ሊያዞረው ሲታገል ካሳ ተኮሰ።

ጥይቱ የኤፍሬምን መዳፍ ሰነጠቀና በደሳለኝ ጀርባ ገባ። ሁለት ጣት ተቆርጦ በመቅደስ ነጭ ጫማ ላይ ወደቀ። ሁለቱም ተደራርበው በማሽላው ብናኝ ላይ ተዘረሩ፤ ደሳለኝ በአፍ ጢሙ ወደቀ፣ ኤፍሬም ከጀርባው ላይ ሆነ። ካሳ በመስኮቱ ዘሎ ገብቶ የኤፍሬምን የጎን አጥንት በሰደፍ ይሰብር ጀመር።

«ውረድ ከላዩ! የወንድምህን ደም የሸጥህ! ውረድ!»

አልወረደም። ካሳ ሰደፉን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣ በሩ ተበርግዶ ደጁን ይጠብቅ የነበረው የደሳለኝ ታላቅ ወንድም ገባና በሽጉጥ ተኩሶ ፊቱን መታው። የካሳ መንጋጋ ተበተነ፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተንጋልሎ እዚያው ቀረ። የደሳለኝ ወንድም የጋለውን አፈሙዝ በኤፍሬም ጆሮ ላይ ተከለ።

«አንተስ የማን ነህ?»

«የአላምረው ወንድም ነኝ።»

ደሳለኝ ጉንጩን ከመሬት ሳያነሣ፣ «ወደ መስኮቱ ያመጣኸኝ አውቀህ ነው?» አለ።

«አውቄ ነው።»

ታላቅ ወንድሙ ቃታውን ሊስብ ጣቱን አጠበቀ።

«ቆይ» አለ ደሳለኝ፤ ከአፉ ደም እየወጣ። «እጁን ካነሣ ደሜ ያልቃል።»

እውነት ነበር። ኤፍሬም በተረፉት ሦስት ጣቶችና በተሰነጠቀው መዳፉ ቁስሉን ደፍኖ ይዟል፤ የማን ደም የማን እንደ ሆነ አይለይም። ያች እጅ ዳግመኛ መስቀል ይዛ ቤተ መቅደስ እንደማትገባ ዐወቀ። አጥብቆ ተጫናት። ባጃጅ እስኪመጣ ድረስ አፈሙዙ ከጆሮው፣ እጁም ከጀርባው አልተነሡም።