የመምህሩ ትከሻ

ስፌት አንገሽግሾኝ ነበር። የሰው ሱሪ ማሳጠር፣ የተበላሸ ዚፕ መቀየር፣ በቃ እሱን ብቻ! ታላቅ እህቴ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ለምና ለምና በአንድ መሥሪያ ቤት የእንግዳ ተቀባይነት ሥራ አገኘችልኝ። አርብ ከሰዓት አለቃውን ላገኝ፣ ከዚያ ሱቄን ልዘጋ ተወሰነ።

የቀረኝ የጡረተኛው መምህር ኮት ነበር። እሁድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ግራ ትከሻቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ልቤ እዚያ መሥሪያ ቤት ነበርና እጄ እንደለመደው ጨርቁን ለሁለት አጥፎ ሁለቱንም ጎን ባንዴ ቆረጠው። እንዲህ ሲቆረጥ ሁለቱ ትከሻ እኩል ይወጣል። ለሳቸው ደግሞ እኩል ማለት ጠማማ ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሲለኩት የግራው በኩል ተጨማዶ ተንጠለጠለ። ክው አልኩ። ስፖንጅ እጎሰጉስበታለሁ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ግድ የለም ልጄ፣ የእኔ ልብስ ሁሉ እንደዚህ ነው» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንጀቴን በሉት። እዚያው አስወልቄ ስፌቱን ፈታሁት። የግራውን ትከሻ ለብቻው ለካሁ፣ ለብቻው ቆረጥኩ፤ ብብቱን ዝቅ አደረግኩ፤ ኮሌታው እስኪተኛልኝ ደጋግሜ ሰፋሁ፣ ደጋግሜ ፈታሁ። እንዴት ያለ እልህ እንደያዘኝ! ምሳዬ እዚያው ቀዝቅዞ ቀረ። ለካ ሳላውቀው እያንጎራጎርኩ ኖሯል፤ ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ብቅ ብላ ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽ ስትለኝ ነው የባነንኩት።

አርብ እህቴ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች፤ ታክሲ ቆሟል፣ እንሂድ ብላ። መምህሩ ኮቱን እየለበሱ ነበርና ትንሽ ጠብቂኝ አልኳት። እያጉረመረመች ተቀመጠች።

ኮቱ ልክክ አለ። ያንን ትከሻ ልደብቀው አላለም፣ እንዳለ ተቀበለው። መምህሩ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አሉ።

«ፎቶ ስንነሳ እኔ ሁሌ ከሰው ኋላ ነኝ» አሉ። «እሁድ ግን ከልጄ ጎን ነው የምቆመው።»

እንባዬ መጣ፤ ማንም ይየኝ አልኩ። ይኼን ሥራ ትቼ የትም እንደማልሄድ ያኔ ገባኝ። ለእህቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ግን ጨነቀኝ፤ ስንት ሰው ደጅ ጠንታ ያገኘችው ቦታ ነው። ዞር ስል ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች፤ ዓይኗ ኮቱ ላይ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» ትላለች ለአለቃው፣ «እህቴ አትመጣም። ሥራ አላት።»