ዱባው የበላው መኖ

ቅዳሜ ጠዋት፣ የሁለተኛው ወር ምዘና በሚደረግበት ቀን፣ የዓሣ ኩሬዎቹ ዳር የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ መኖ ቀማሚዋ፣ የኩሬዎቹ ባለቤት የሆነው ታላቅ ወንድሟና ዓሦቹን የሚያበሉት አጎታቸው። አጎትየውን ሰው ሁሉ «ዝግታ» እያለ ነው የሚጠራቸው። እሳት ቢነሳ እንኳ መጀመሪያ የጫማቸውን ማሰሪያ አጥብቀው፣ ከዚያ የሚነሱ ሰው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንደኛው ኩሬ ያሉት ዓሦች የዓሣ ዱቄት ያለበትን፣ ተገዝቶ የሚመጣውን መኖ ይበላሉ። በሁለተኛው ያሉት ግን ቀማሚዋ ከአኩሪ አተርና ከለውዝ ፋጉሎ የሠራችውን። ወንድሟ ገና ሲጀመር ቁርጡን ነግሯታል። «የአንቺዎቹ ከቀጨጩ የመቀመሚያውን ክፍል የመረብ ማስቀመጫ አደርገዋለሁ» ብሏታል።

ከየኩሬው ሠላሳ ሠላሳ ዓሣ በመረብ ተይዞ ተመዘነ። የአንደኛው ኩሬ ዓሣ በአማካይ መቶ ሰማንያ ግራም ወጣው። የሁለተኛው መቶ ሠላሳ።

ወንድሟ ከሁለተኛው ኩሬ አንዱን ዓሣ በጅራቱ አንጠልጥሎ ገላመጠው። «ይሄ ዓሣ ነው ወይስ የዓሣ ጥላ?»

«ቀመሩ ትክክል ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ውሸታሙ ሚዛኑ ነዋ።»

«ሚዛኑም አልዋሸም። መሐል ላይ የጠፋ ነገር አለ።»

ሥራዋን ታውቀዋለች። የዓሣ ሥጋ እንደ ግንብ ነው፤ ጡቦቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። የዓሣ ዱቄት ሁሉንም ዓይነት ጡብ አሟልቶ ይይዛል። ፋጉሎ ግን ሜቲዮኒን የሚባለው ያንሰዋል፤ አንዱ ዓይነት ጡብ ሲያልቅ ደግሞ ሌላው ተቆልሎ ቢውል ግንቡ ከፍ አይልም። ስለዚህ ቀማሚዋ የጎደለውን ነጭ ዱቄት እየመዘነች ትጨምርበታለች። አንድም ቀን አልዘነጋችም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለችና ወደ አጎቷ ዞረች። «አጎቴ፣ መኖው ከእኔ እጅ ወጥቶ ዓሣው አፍ እስኪገባ ያለውን መንገድ ያሳዩኝ። ልክ እንደ ሁልጊዜው ያድርጉ።»

«ምን ችግር አለው» አሉ ዝግታ።

ከጆንያው አንድ ባልዲ መኖ ቀዱ። ባልዲውን ውሃ ሞሉበት። ከዚያ አጥሩ ሥር ጥላ ፈልገው ተቀመጡ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለ ወንድሟ።

«እስኪርስ ነዋ። የእሷ መኖ እንደ ጠጠር ነው፤ ደረቁን ብሰጣቸው ጉሮሯቸውን ይቧጭራቸዋል። የተገዛው ለስላሳ ስለሆነ እንዲሁ እበትነዋለሁ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚዘፈዘፈው?» አለች ቀማሚዋ።

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ውሃውስ?»

ዝግታ በአገጫቸው ወደ አጥሩ አመለከቱ። አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የወረሰ የዱባ ሐረግ ነበር። ቅጠሉ ትሪ ያህላል፤ ሥሩ የተጋደሙትን ዱባዎች አንድ ሰው ብቻውን አያነሳቸውም። «ከሚደፋ ብዬ ለእሱ አጠጣዋለሁ» አሉ።

ወንድሟ ዱባውን አየ፣ እህቱን አየ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «ሁለት ወር ሙሉ ስንቀልብ የከረምነው ዱባ ነው በሉኛ።»

«ዱቄቱ በውሃ ይሟሟል» አለች ቀማሚዋ። «ፋጉሎው ለዓሣው፣ ሜቲዮኒኑ ለዱባው። ጥፋቱ ግን የእኔም ነው። የመኖውን እንክብል ያጠነከርኩት እኔ ነኝ፤ ሲያበሉም አንድ ቀን መጥቼ አላየሁም።»

ዝግታ አንገታቸውን ደፉ። «አዝኜላቸው ነበር እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ አጎቴ። አሁንም የሚያበሏቸው እርስዎ ነዎት። እኔ እንክብሉን አሳንሼ፣ ዱቄቱ ቶሎ እንዳይሟሟ በዘይት ለብጬ አመጣለሁ። እርስዎ ደረቁን በእፍኝ በእፍኝ ይበትኑ፤ ያን ጨርሰው ሲበሉ ሌላ ይጨምሩ። ለዚህ ከእርስዎ የተሻለ ሰው የለም፤ ሌላው ሁሉ ይቸኩላል።»

ወንድሟ መረቡን እየጠቀለለ ትንሽ አሰበ። «ስድስት ሳምንት እሰጥሻለሁ» አለ።

«አራት ይበቃኛል።»

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ከየኩሬው ሠላሳ ሠላሳ ዓሣ እንደገና ተመዘነ። በእነዚያ ሳምንታት የአንደኛው ኩሬ ዓሦች በአማካይ ስልሳ ሁለት ግራም፣ የሁለተኛው ደግሞ ስልሳ ግራም ጨምረው ተገኙ። የመቀመሚያው ክፍል አልተዘጋም፤ መረቡም ውጭ፣ አጥሩ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።